ክር፦ የግንፍሌን ሚቴን በራሳችን ሌዘር መለካት እንችላለን ወይ?

ይህን ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ ባለ አንድ የውይይት መድረክ የከፈተው አራት ኪሎ የሚማር ልጅ ነው፤ ጥያቄውና ከሥሩ የተደረደሩት ምላሾች አንድ ላይ ክር ይባላሉ። ዘንድሮ የመመረቂያ ሥራ አለበት። ጠዋት ጠዋት የግንፍሌን ወንዝ ድልድይ የሚሻገረው አፍንጫውን ይዞ እንደሆነ ጻፈ። የሚሸተውንማ ሁላችንም እናውቀዋለን። እሱን ያሳሰበው የማይሸተው ነው። ሚቴን ሽታ የለውም፤ ቆሻሻ ውሃ አየር አጥቶ ሲበሰብስ ግን ሚቴን ያወጣል። ምን ያህል? የፋብሪካ መሣሪያ ዋጋ ጠየቀና ደነገጠ። ስለዚህ አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ለኢንተርኔት ፋይበር የሚያገለግለውን ርካሽ ሌዘር ይገዛል። ከወንዙ በላይ ያበራዋል። ወዲያ ማዶ ሲደርስ ብርሃኑ ምን ያህል እንደጎደለ ያያል። አለቀ።

እዚያ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ግን ጨመረበት። ፋብሪካዎቹ የሚሸጡት ሳጥን ውስጡ ሲከፈት አንድ ሌዘርና አንድ ዲቴክተር (ብርሃን ተቀባይ) ብቻ ስለሆነ፣ በዶላር የምንከፍለው ለስሙ ነው አለ። ሠላሳ አራት ምላሽ ያመጣችው ይቺ ጭማሪ ናት። አንዱ ምላሽ የኔ ነው። ሙሉውን ክር ያነበብኩት ግን ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ቁጭ ብዬ ነው፤ ማኪያቶው ቀዝቅዞብኛል።

ቁጥር 1 እና 2 በርታ፣ ጎበዝ የሚሉ ናቸው። እንለፋቸው።

ቁጥር 3 ላይ የፋይበር ሥራ የምትሠራ ልጅ መጣች። በጣም ትሁት ናት። እያንዳንዱ ጋዝ የሚጠጣው የራሱን ቀለም ብቻ እንደሆነ አስረዳች። ቀለም የሚለካው በብርሃኑ ሞገድ ርዝመት ነው፤ የኢንተርኔቱ ሌዘር 1.55 ማይክሮን (የሜትር ሚሊዮንኛ) ገደማ ነው። እዚያ ላይ ሚቴን ብርሃኑን እንዳላየ ያሳልፈዋል። የሚቴን ቦታ 1.65 ገደማ ነው። ወደ 1.53 ወረድ ካልክ አሞኒያና አሲቲሊን ታገኛለህ፤ 1.57 ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። ልጁ ያሰበውን ሌዘር ቢገዛ ወንዙ ሚቴን በሚቴን ቢሆን እንኳ ዜሮ ያነብ ነበር። ደግነቱ የ1.65ቱ ሌዘር የተሠራውም በዚያው በቴሌኮም ጥበብ ነው። ፈላጊው ጥቂት ስለሆነ ብቻ ይወደዳል። በሙቀትና በኤሌክትሪክ መጠን ቀለሙን ትንሽ ትንሽ ማንሸራተት ይቻላል፤ አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ አሥረኛ ናኖ ሜትር ያህል። ልክ የድሮ ሬዲዮ ጣቢያ እንደመፈለግ ነው። ቁጥር 4 ላይ ከፋቹ አመሰገናት።

ቁጥር 5 ላይ ግን ጋሼ ገቡ። መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ጡረታ የወጡ የመሣሪያ መሐንዲስ ናቸው፤ ቁጣቸውም ትምህርታቸውም አንድ ላይ ነው የሚወርደው። ልጁ ስሌት ሳይሠራ አፉን መክፈቱ አናደዳቸው። አየር ውስጥ ያለው ሚቴን 1.9 ፒፒኤም ገደማ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን ቅንጣት ሁለት አይሞላም። ጋሼ ይህን በጤፍ አስረዱት። አንድ ሚሊዮን የጤፍ ፍሬ ግማሽ ኪሎ አይሆንም። እዚያ ውስጥ ሁለት እንክርዳድ ፈልግ እንደማለት ነው። ብርሃኑ አንድ ሜትር ቢጓዝ ሚቴኑ የሚቀንሰው ከ10,000 አንድ እጅ እንኳ አይሆንም። የሌዘሩ የራሱ መዋዠቅ ከዚያ ይበልጣል። ታዲያ ምኑን ነው የምትለካው አሉ።

መልሱን ግን አልነፈጉትም። ይህ የክሩ ምርጥ ክፍል ስለሆነ እኔም እዚህ ላይ እቆያለሁ። ዘዴው መንገዱን ማስረዘም ነው። ሁለት መስታወት ፊት ለፊት አቁሞ ብርሃኑን መሃላቸው ማመላለስ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ኦኪፍና ዲኮን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የበለጠ ብልጠት አመጡ። ብርሃኑ መስታወቶቹ መሃል ከገባ በኋላ ሌዘሩን ታጠፋዋለህ። ከዚያ ብርሃኑ እስኪከስም የወሰደውን ጊዜ ትለካለህ። ጋዙ ካለ ቶሎ ይከስማል፤ ከሌለ ይቆያል። የምትለካው ጊዜ እንጂ የብርሃን ብዛት ስላልሆነ የሌዘሩ መዋዠቅ አያስቸግርህም።

ስሌቱንም ጋሼ አስቀመጡት። በ25 ሳንቲ ሜትር የተራራቁ መስታወቶች ከመቶ 99.99 እጁን የሚመልሱ ከሆነ ብርሃኑ 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይመላለሳል። 99.999 ከሆነ 25 ኪሎ ሜትር። አንዲት ዘጠኝ መጨመር መንገዱን አሥር እጥፍ አደረገችው። ከአራት ኪሎ ተነስቶ አቃቂን እንደማለፍ ነው፤ ያውም ከጫማ ሳጥን በማትበልጥ እቃ ውስጥ፣ ከ100 ማይክሮ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ። ዶላሩን የምትከፍለው ለዚያች ዘጠኝ ነው ብለው ዘጉት።

ቁጥር 6 ያቺን ዘጠኝ እንዴት እንዳጣት ተረከ። እሱ በሚሠራበት አንድ ላብራቶሪ አዲስ የመጣ ረዳት መስታወቱ አቧራ ይዞት ሲያይ ቸርነቱ መጣበትና በሶፍት ጠረገው። መሣሪያው ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልሆነ ነገር ያነባል። እዚህ ከተማ፣ በየቦታው በሚቆፈርበትና በሚፈርስበት ጊዜ፣ አቧራ ቀላል ጠላት አይደለም። ፒያሳና አራት ኪሎ ያለፈ ሰው ጫማውን አይቶ ያውቀዋል። ማጣሪያውን ከመሣሪያው በላይ ተንከባከበው ሲል መከረ።

ቁጥር 7 ላይ ወሬው ዞረ። አንዱ ርካሽ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሴንሰር ገዝቶ አራት ኪሎ በረንዳው ላይ ሰቅሎታል። ይህ ሌዘር ያለው አይደለም፤ በትንሽ ኢንፍራሬድ አምፖል የሚሠራ ነው። የዓለም አየር ዛሬ ከ420 ፒፒኤም በላይ ሆኖ ሳለ የሱ ሴንሰር 320 ያነባል። ሰፈራችን ዛፍ ስላለው ንጹሕ ነው ብሎ ተደሰተ። ቁጥር 8 ደስታውን ቀማው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ይጎድላል። ሴንሰሩ የሚቆጥረው በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ቅንጣት ነው፤ ፋብሪካው ደግሞ የባሕር ወለል አየር መስሎት ይተረጉመዋል። 420ን በሦስት አራተኛ ምታው፤ ያው 320 አካባቢ ነው። እንጦጦ ብትወጣ ደግሞ ይብሱን ንጹሕ ይሆንልሃል አለው።

ቁጥር 9 ቀልደኛ ነው። 320 የ1958 አየር ስለሆነ አራት ኪሎ ገና አልነቃችም አለ። ቁጥር 10 አረመው። በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ ኪሊንግ የተባለው ሳይንቲስት ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለካት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ ያኔ 315 ገደማ ነበር፤ 320 የደረሰው በ1965 ነው። ቁጥር 11 ደግሞ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ አለ፤ የፈረንጆቹ 1965 መጨረሻ በእኛ 1958 ነውና። አየሩም የራሱን ዘመን አቆጣጠር ይዞ ቀረ ማለት ነው። እዚህ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ፤ አስተናጋጁ ዞር ብሎ አየኝ።

ከቀልዱ መሃል ግን ቁም ነገር ወጣ። ቁጥር 11 ቀጠለና የኪሊንግ ሥራ የተጀመረበት ዘመን ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት እንደነበር አስታወሰ። እዚሁ አራት ኪሎ ግቢ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተተከለውም በዚያው አጋጣሚ ነው። አዲስ አበባ ለምድር ማግኔት ወገብ ቅርብ ስለሆነች ተፈለገች። ልጁ በየቀኑ የሚያልፍበት ግቢ ነው። አላወቀም ነበር፤ እኔም ብሆን ሁለቱን አገናኝቼ አላውቅም።

ቁጥር 12 ላይ ጋሼ ተመልሰው ስለ ግፊቱ ማስተካከያ ጨመሩ። አሁን ቁጣቸው በርዷል። የአምፖሉ ሴንሰርና ሌዘሩ ለግፊት አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። ግፊት ሲቀንስ ጋዙ የሚጠጣው የቀለም መስመር ይቀጥናል፤ ጫፉ ግን ብዙም አይወርድም። ስለዚህ ጫፉን ብቻ የሚያይ ሌዘር አዲስ አበባ ላይ ያን ያህል አይሳሳትም። ብዙ መሣሪያ ግን ጫፉን ብቻ አያይም። ሌዘሩን በመስመሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እየነቀነቀ ነው የሚያነበው፤ የንቅናቄው ስፋት ደግሞ ለመስመሩ ውፍረት መመጠን አለበት። ባሕር ዳርቻ የተመጠነ እዚህ ሲመጣ ልክ አይሆንም፤ ለወፍራም ሰው የተሰፋ ሱሪ ለቀጭን እንደማልበስ። በልክ ማሠራት ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው አሉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። የልጁ ስህተት ራሴ ልሥራ ማለቱ ሳይሆን ምኑን ራሱ መሥራት እንዳለበት አለማወቁ ነው። ሌዘሩን ማንም ይሸጥልሃል። ለአራት ኪሎ አየር የሚስማማውን ልክ ግን ማንም አያመጣልህም።

ቁጥር 13 በእጅ የሚያዝ የሌዘር ሚቴን ጠቋሚ ይዞ ከእንግዶች ጋር ቀበና ድልድይ ላይ የቆመ ሰው ነው። ወንዙ ማዶ ወዳለው ግንብ ሲያነጣጥሩት 38 አለ። አንዱ እንግዳ ከተለመደው ሃያ እጥፍ ነው ብሎ ስልኩን አወጣ። ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ዓይነቱ መሣሪያ የሚያነበው ፒፒኤምን በሜትር አባዝቶ ነው። ግንቡ 20 ሜትር ይርቃል። 1.9ን በ20 ስታበዛ 38 ይመጣል። ያገኙት ተራ አየር ነው። ከቁጥር 14 እስከ 16 ያሉት በዚህ ተሳሳቁ። 15 ብቻ ቁምነገር ጣለ። ከድልድይ ላይ ሌዘር የምታበራ ከሆነ ብርሃኑ ስለማይታይ ዓይን አያርገበግብም፤ ልጆች የሚያልፉበት ነውና የኃይሉን ደረጃ ሳታውቅ አትሞክር አለው።

ቁጥር 17 የኔ ነው። ስለ ሲሊንደር ጻፍኩ። ማንኛውም መለኪያ እውነቱን መናገሩን የምታረጋግጠው መጠኑ የታወቀ ጋዝ አጠጥተህ ነው። ሚዛን ያለ መመዘኛ ድንጋይ ምን ይሠራል? እኛ ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ሲሊንደር አስመጣን። ውስጡ አየር ነው፤ ሚቴኑ 2 ፒፒኤም። ወረቀቱ ላይ ግን ሚቴን የምትል ቃል አለች። አንድ መሥሪያ ቤት ያቺን ቃል አየና ተቀጣጣይ ነው ብሎ አራት ወር አስቀመጠው። ሚቴን የሚቀጣጠለው ከአየሩ 5 በመቶ ሲደርስ ነው፤ 50,000 ፒፒኤም ማለት ነው። የኛ ከዚያ 25,000 ጊዜ ያንሳል። ሄጄ አስረዳሁ። የሚያስረዱኝ እርስዎ ነዎት ወይስ ወረቀቱ ተባልኩ። ሲሊንደሩ ሲለቀቅ ፕሮጀክቱ ከተዘጋ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ልጄ፣ ሌዘሩን ከማዘዝህ በፊት ሲሊንደሩን እዘዝ አልኩት።

ቁጥር 18 የመብራትን ነገር ጨመረበት። እነዚህ መሣሪያዎች ውስጣቸው ከክፍሉ ሞቅ ብሎ፣ ሙቀቱ ንቅንቅ ሳይል ነው የሚሠሩት። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር እንደገና እስኪሞቅና እስኪረጋ ትጠብቃለህ። ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ የሚተካው ባትሪ) ከሌዘሩ ይቀድማል። በዚያ ላይ ስስ አየር ማራገቢያው ሲነፋው በደንብ አያቀዘቅዝም፤ የኤሌክትሮኒክሱ ሳጥን ሰፋ ይበል። እሱ ሳጥኑን ምናለሽ ተራ አሠርቷል። ከውጭ ከመጣው ይሻላል ብሎ ይምላል።

ከዚያ ቁጥር 19 መጣና ሰላሙን አደፈረሰው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የወንዝ ፈስ የምትቆጥሩ ሥራ ፈቶች አላቸው። ቁጥር 20 መሃይም ብሎ መለሰለት። ቁጥር 21 ሁለቱንም ሰደበ። አድሚኑ አንድ ምላሽ አጠፋ፤ የትኛውን እንደሆነ ቁጥሩ ስለተዘለለ ታውቃላችሁ፣ 22 የለችም። እውነቱን ለመናገር የ19 ጥያቄ ስድቡ ቢወጣለት ደህና ጥያቄ ነበር። ቁጥር 23 ቆንጆ አድርጎ መለሰው፤ ወንዙ ሚቴን የሚያወጣው የሽንት ቤት ፍሳሽ ስለሚገባበት ነው፣ ፍሳሹ ቢታገድ ሚቴኑም ሽታውም አብረው ይቀንሳሉ፣ ቁጥሩ ያንን ለመጠየቅ ይጠቅማል። ቁጥር 24 ግን ፈስ የምትለዋን ቃል ይዞ ወደ ከብት ሄደ። ላም ሚቴን የምታወጣው በኋላዋ ይመስለን ነበር፤ አብዛኛው የሚወጣው በአፏ በግሳት ነው። ሌዘሩን በላም ትንፋሽ ላይ ማነጣጠርም የቆየ ሙከራ ነው። ይህ ለአያቴ ቢነገራቸው የት ይደርሱ ነበር ብሎ ጨረሰ።

ቁጥር 25 አንዲት እናት ናቸው። እስካሁን ዝም ብለው ሲያነቡ ነበር። ካዛንቺስ በነበሩ ጊዜ ጎረቤታቸው በክረምት ብርድ ከሰል አቀጣጥላ በር ዘግታ ተኛች። ልጇን አተረፉላት፤ እሷን አላተረፏትም። ይህ የእናንተ ሌዘር ይህን ይነግረናል ወይ ብለው ጠየቁ። ክሩ ላይ ለጥቂት ጊዜ ቀልድ ቆመ። ቁጥር 26፣ ያቺው የፋይበሯ ልጅ፣ እናቴ ብላ በአክብሮት መለሰችላቸው። የገደለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይሸትም፣ አይታይም፣ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። በሌዘር በደንብ ይለካል፤ ግን ለቤት ሌዘር አያስፈልግም፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ይበቃል። ከዚያ በፊት ደግሞ ፍም ያለበት ምድጃ ይዞ አለመተኛት። ጭሱ ቢጠፋም ፍሙ መርዙን ማውጣቱን አያቆምም። ቁጥር 27 ሐረርጌ ያደገ ሰው ነው፤ የእህል ጉድጓድ ሲከፈት ቶሎ እንደማይገባ፣ እህሉ ሲተነፍስ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰው እንደሚገድል አባቱ ሳይማሩ ያውቁ እንደነበር ጻፈ።

ቁጥር 28 ላይ ከፋቹ ተመለሰ። ስለ ፋብሪካዎቹ ያለውን ይቅርታ ጠየቀ። ያለው ብር ለ99.999 መስታወት እንደማይበቃ፣ ለ99.99ም እንደማይበቃ ነገራቸው። ጋሼ ቁጥር 29 ላይ ያልጠበቅኩትን መለሱ። መስታወቱን ተወው፣ ስማው አሉት። ብርሃን በጋዝ ሲጠጣ ጋዙ ይሞቃል፤ ብርሃኑን ቶሎ ቶሎ ብታበራው ብታጠፋው ጋዙ እየተነፋ እየተኮማተረ ድምፅ ይሰጣል። ይህን ግርሃም ቤል፣ የስልኩ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1880 አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ያንን ድምፅ በእጅ ሰዓት ክሪስታል መስማት ተጀመረ። በተራ የኳርትዝ ሰዓት ውስጥ ያለችው ሹካ የመሰለች ትንሽ ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች። ብርሃኑን በሹካዋ ሁለት ጣቶች መሃል ታሳልፈዋለህ፤ በሷው ምት ካነቀነቅከው ሹካዋ ትዘፍናለች። ድምፁ ከሰው ጆሮ በላይ ስለሆነ የታክሲ ጡሩምባ አይረብሽህም። ክሪስታሏ ፒያሳ ሰዓት አዳሾች ጋ ከአሮጌ ሰዓት ትወጣለች።

ቁጥር 30 ሌዘሩን አሁንም መግዛት እንዳለበት አስታወሰው። ሲሊንደሩንም፤ ለዚህ የኔን ቁጥር ጠቅሷል፣ አመሰግናለሁ። ቁጥር 31 የቤት ኪራይ ጠየቀ፤ ምናልባት ክሩን ተሳስቶ ነው።

ቁጥር 32 ከሁለት ሳምንት በኋላ የተጻፈ ነው። ከፋቹ አንድ ሰዓት አዳሽ ጋ ሄዶ አራት ክሪስታል ይዞ ተመልሷል። ክሪስታሏ በአየር አልባ ትንሽ ቆርቆሮ ታሽጋ ነው የምትመጣው። የመጀመሪያዋን በፒንሳ ሲከፍት ሰበራት። ሁለተኛዋን አደቀቃት። ሦስተኛዋ ተከፈተች። አየር ሲነካት ምቷ ከ32,768 በጥቂት ኸርዝ (ምት በሰከንድ) ወረደ፤ አየሩ ሹካዋን ከብዷታል። ጋዝ ገና አልለካም፣ ሌዘርም የለውም። ግን ያቺን ጥቂት ኸርዝ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ እንደለካት ጻፈ።

ቁጥር 33 ላይ ጋሼ ሁለት ቃል ብቻ ጻፉ፤ ጎበዝ ማለታቸው ነው፣ በሳቸው አነጋገር። ቁጥር 34 ከድሬዳዋ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሯ ከአዲስ አበባ ይወፍራል፤ እዚያ ሹካዋ ይበልጥ መውረድ አለባት አቦ፣ እኔም አንድ ልክፈት አለ። አራተኛዋን ክሪስታል በሰው እንዲልክለት ጠየቀ። ከፋቹ ገና አልመለሰለትም።